ቅቤ የጠጣ ደጋን

አገሩ ሚሌኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ በሚልበት ክረምት፣ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ተኮራምቼ ተቀምጬ ነበር። የመጣሁት ከስልጠና ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጠመኔ ይዞ የኖረ መምህር፣ ጠመኔ እንዴት እንደሚያዝ ከልጅ እግር አሰልጣኝ ሲማር ከርሞ ከመመለስ የበለጠ የሚያደክም ነገር አላውቅም። ስለዚህ ከማንም ጋር ላለመነጋገር ቆርጬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ሐሙሲት ላይ ገበያተኛው ገባና ጨፍኜ መቅረቴ አልሆነልኝም። ከቀኜ አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን አቅፋ መስኮቱን ታያለች። ከግራዬ ደግሞ ጋቢያቸው በዝናብ የራሰ ሽማግሌ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ላይ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አለ። መኪናው በዘለለ ቁጥር በሁለት እጃቸው ጠበቅ ያደርጉታል እንጂ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ከፊታቸው ድካማቸውን አይቼ፣ የኔ ብጤ አገኘሁ አልሁ።

ከአለም በር በላይ አቀበቱን እንደ ጀመርን የኋላው ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ወርቁ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታው፤ ቀጥሎም የተሠራበትን አገር ረገመ። ሁላችንም ወረድን። ካፊያው አቁሞ ስለነበር እኔና ሽማግሌው ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አረፍ አልን። ወጣቷ መጥታ እጅ ነሣችና ከአጠገባችን ቆመች።

«እንደምን ዋሉ አባቴ? የያዙትን ነገር ቅድም ጀምሮ እያየሁት ነበር። ደጋን ነው አይደል?»

«ደጋን ነበረ» አሉ ሽማግሌው። «አሁን እንጨት ነው።»

ነጠላውን ገለጥ አደረጉት። ጥጥ መንደፊያ ደጋን ነው፤ ሴቶቻችን ጅማቱን እየመቱ ጥጡን አፍታተው ባዘቶ የሚያደርጉበት። ከመጨበጫው ዝቅ ብሎ ለሁለት ተሰብሯል፤ ጅማቱም ተልፈስፍሶ ተንጠልጥሏል። እንጨቱ ከብዙ ዘመን መያዝ የተነሣ ጠቁሮ ያብረቀርቃል።

«አያ ሙላቴ ደጋን ሠሪው አንቱ ነዎት እንዴ?» አልሁ፤ ስማቸውን በከተማው ስሰማ ኖሬአለሁና፤ እሳቸውም መምህርነቴን ያውቁ ኖሯል።

«ነበርሁ በለኝ እንጂ መምህር። ደጋን ሠሪ ደጋን ሊገዛ ሐሙሲት ገበያ ወረደ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? ይኸው ዛሬ ወርጄ መጣሁ። ያለው ሁሉ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ አንድ ሳምንት ሳይሞላው ይቃናል። ለደጋን የሚሆነው ደህናው የለንቋጣ እንጨት ከየወንዙ አልቋል።»

«ይህንንስ መጠገን አይቻልም?» አለች ወጣቷ።

«ሁለት ጊዜ ጠገንሁት። ሁለት ጊዜ ለቀቀ። በኋለኛው ጊዜ እቴነሽን፣ ባለቤቴን ማለቴ ነው፣ እየነደፈች ሳለ ተፈናጥሮ ከዓይኗ ሥር መታት።» በጣታቸው የገዛ ጉንጫቸውን አሳዩን። «ከዚህ ላይ። ትንሽ ከፍ ቢል ዓይኗ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጥጥ አልነካችም። ደጋኑ የእናቷ ነው፤ ገና ሙሽራ ሳለች ይዛው መጣች። ያለሱ ድምፅ ውዬ አላውቅም። ዛሬ ቤቱ ዝም ብሏል፤ እሷም ዝም ብላለች።»

«ታዲያ ምን አስበዋል?»

«ማገዶ» አሉና ነጠላውን መልሰው ሊጠቀልሉት ጀመሩ።

ወጣቷ እጇን ዘረጋች። «ይቅርታዎን አባቴ፤ ልየው? ሕሊና እባላለሁ። ደብረ ታቦር የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ።»

አያ ሙላቴ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እጇን አዩ። ልጅቱ በመዳፏ ላይ የመጋዝ ጠባሳ ነበራት። ምናልባት እሱን አይተው ይሆናል፣ ሰጧት።

«በምን ነበር ያጣበቁት?» አለች ስብራቱን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች።

«መጀመሪያ በአባቴ ሙጫ። የቆዳ ቁራጭ ቀቅዬ የማወጣው ነው። በሁለተኛው አናጢው ደሳለኝ ‹ይህ የዘመኑ ነው› ብሎ በሰጠኝ ነጭ ኮላ። ሁለቱም ከዱኝ። የዘመኑማ ጭራሽ ባሰ።»

«ከማጣበቅዎ በፊት እንጨቱን ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ? እንደ ደንቡ አሸሁት ነዋ።»

«በምን?»

«በቅቤ!» አሉ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ አስተማሪ አለ ወይ በሚል ድምፅ። «አባቴ ወጌሻም ነበረ፣ ደጋን ሠሪም ነበረ። አንዱን እጅ ለሁለቱም አስተማረኝ። የተሰበረ ነገር መጀመሪያ ቅቤ ይሻል፤ ስብራቱን ታሽዋለሽ፣ ታለሰልሽዋለሽ። ከዚያ ትገጥሚዋለሽ። ሙጫውን ቀብተሽ በጠፍር ጥርቅም አድርገሽ ታስሪዋለሽ። ከዚያም ሙቀት እንዲያገኝ ከምድጃው በላይ ትሰቅይዋለሽ። እኔ በዚህ እጄ የስንቱን ክንድ አቅንቻለሁ!»

ሳቄ መጣና ዋጥ አደረግሁት። ደግሞስ ምን ያስቃል? አንዱን ነገር ጠንቅቆ ያወቀ ሰው፣ ያንኑ እውቀት ወደማይሆንበት ቦታ ተሸክሞ መሄዱ በአያ ሙላቴ አልተጀመረም። አገራችን ውስጥ ብዙ ነገር የሚበላሸው ካለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ለአንዱ የሚበጀውን ለሁሉ ከመቀባትም ነው።

ሕሊና አልሳቀችም። «አባቴ፣ ለአጥንት ቅቤውን አልነቅፍም፤ እሱን እርስዎ ያውቃሉ። ግን አጥንት ሕይወት አለው። ወጌሻው ያቀናዋል እንጂ የሚገጥመው ራሱ አጥንቱ ነው። እንጨት ከተቆረጠ በኋላ ራሱን አይጠግንም። ሁለቱን ስባሪ የሚይዘው ሙጫው ብቻ ነው፤ ሙጫ ደግሞ ቅቤ ላይ አይቆምም።»

«ሞቷል ትይኛለሽ? እቴነሽ ስትመታው ሲጮህ ሰምተሽው ቢሆን ሞተ አትይም ነበር።»

«አያ ሙላቴ» አልሁ እኔ ጣልቃ ገብቼ፣ «ልጅቱ የምትለው እኮ...»

«ተወኝ መምህር!» አሉ ሳይቆጡ፣ በደከመ ድምፅ። «ደክሞኛል። ሁሉም እየመጣ ያስተምረኛል። ማዳበሪያ የሚያስተምረኝ አለ። ጉድጓድ አቆፋፈር የሚያስተምረኝ አለ። ሁሉም ልጅ እግር ነው፤ ሁሉም ‹አባቴ› ይለኛል፤ ሁሉም የማውቀውን አታውቅም ብሎኝ ይሄዳል። የቀረኝ ይህ ደጋን ነበር። በዚህም ልማር?»

ከባሕር ዳር ጀምሮ በሆዴ ሳጉረመርመው የመጣሁትን እኮ ነው የተናገሩት! ልጅቱን «ተዪያቸው» ልላትም ዳድቶኝ ነበር። እሷ ግን አልተከራከረቻቸውም። ከቦርሳዋ ትንሽ ቢላዋ አወጣችና ከስብራቱ ፊት አንዱን ጎን ብቻ ፍቃ ነጭ አደረገችው። የውሃ ኮዳዋንም ከፍታ፣ «አባቴ፣ እርስዎ ራስዎ ያንጠባጥቡበት» አለቻቸው። «አንድ ጠብታ ካልተፋቀው ላይ፣ አንድ ከተፋቀው ላይ።»

አያ ሙላቴ ኮዳውን የተቀበሉት ለይሉኝታ ያህል ነው። ካልተፋቀው ላይ ያረፈችው ጠብታ ክብ እንደሆነች ቆይታ፣ እንጨቱን ዘንበል ሲያደርጉት ተንከባልላ ወረደች። የተፋቀው ላይ ያረፈችው ተሠራጭታ ሰመጠች። ደገሙት። ጫፉን ገልብጠው በሌላው ስባሪ ላይም ሞከሩት። ወርቁ ከወዲያ ክሪኩን እየረገመ ይታገላል፤ እሳቸው ግን ከጠብታዋ ሌላ የሚሰሙትም የሚያዩትም አልነበረም።

በመጨረሻ፣ «አንድ ጊዜ ለጥምቀት» አሉ ቀስ ብለው፣ «እቴነሽ ቅቤ ተቀብታ ወጥታ ካፊያ መታን። ውሃው ከፀጉሯ ላይ እየተንከባለለ ወረደ እንጂ አልገባም። ሳቅን።» ጠብታዋን በጣታቸው ጠረጉ። «ውሃ ካልገባው ሙጫስ በየት በኩል ይገባዋል?»

«እኔም ልል የፈለግሁት ይህንኑ ነው።»

«እንግዲያስ ደሳለኝን በከንቱ ነው የረገምሁት።»

«ግማሹን በከንቱ» አለች ሕሊና ፈገግ ብላ። «ኮላው ለዚህ ሥራ አልነበረም። ነጩ ኮላ ለሳጥን፣ ለወንበር፣ ሳይነቃነቅ ለሚቀመጥ ነገር ደህና ነው። ደጋን ግን ጅማቱ ቀን ከሌት እንደሳበው ነው። ሁልጊዜ የሚሳብ ነገር ላይ ኮላ ቀስ እያለ ይሸሻል። እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ይለሰልሳል።»

«የጫማ ሰፊው ማስቲሽስ?» አሉ። አሁን ጥያቄያቸው የሙግት ሳይሆን የሠራተኛ ጥያቄ ሆነ።

«እሱማ ጭራሽ ይለጠጣል። ለቆዳና ለጎማ ነው የተፈጠረው።»

«ያቺ ጣት የምታጣብቀውስ? በጠብታ የምትሸጠው?»

«እሷ ፈጥና ትይዛለች፤ ግን ከደረቀች በኋላ መታጠፍ አታውቅም። ደጋን በተመታ ቁጥር ይታጠፋል። አንድ ቀን ሳይታሰብ ቷ ትላለች፤ ለፊትም ክፉ እሷ ናት።»

ፊት ሲባል ሽማግሌው ደጋኑን ጠበቅ አደረጉት። ከዚያም ሲፈሩት የነበረውን ጥያቄ ጠየቁ። «የአባቴ ሙጫስ?»

የልጅቱን ጨዋነት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «የአባትዎ ሙጫ ጥሩ ሙጫ ነው» አለች። «በየአገሩ የጥንት ቀስት ሠሪዎች የሠሩበት እሱኑ ነው። ጠላቱ እርጥበትና ሙቀት ነው። በበጋ፣ ቅቤ ባልነካው እንጨት ላይ ቢሆን ኖሮ ይይዝልዎ ነበር። እርስዎ ግን በክረምት፣ ድስት ከሚንተከተክበት ምድጃ በላይ ሰቀሉት። እንፋሎቱ መልሶ አቀለጠው።»

«ደህና። አባቴን አልነካሽውም» አሉ አያ ሙላቴ፤ ከወገባቸውም ቀና አሉ። «እንግዲህ ንገሪኝ። የቱን ልያዝ?»

«ከሁለት ቱቦ እየተጨመቀ የሚደባለቅ ማጣበቂያ አለ። ባለሱቆቹ ኤፖክሲ ይሉታል። አንዱ ሙጫ ነው፣ አንዱ ማድረቂያው። ሁለቱን እኩል ለእኩል ያደባልቃሉ። ከደረቀ በኋላ ውሃ አይፈታውም፣ ሲሳብም አይሸሽም፤ ትንሽ ክፍተት ቢኖር ሞልቶ ይይዛል። ከሱም ፈጥኖ የሚደርቅና ዘግይቶ የሚደርቅ አለ። እርስዎ የሚዘገየውን ይያዙ። ጠንካራው እሱ ነው።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች በይኛ።»

«እንዲያ ነው። አደባልቀው ሲሠሩ ግን በቆርቆሮ ላይ ይሁን እንጂ በእህል ዕቃ አይሁን፤ እጅዎን በላስቲክ ይሸፍኑ፣ በሩን ይክፈቱ። ስብራቱንም እንዳለ አይግጠሙት። ቅቤ የጠጣውን ክፍል ቆርጠው ይጣሉ። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ረዘም አድርገው በሰያፍ ይላጉ። መቃ ብዕር ሲቀረጽ አይተዋል?»

«ደብተራ ጎረቤት ነበረኝ።»

«እንደሱ። አንዱ ሰያፍ በሌላው ላይ ሲተኛ ሙጫው የሚይዘው ሰፊ ቦታ ያገኛል። ሲያስሩት ደግሞ ጥርቅም አይደረግም፤ ጥርቅም ካደረጉት ሙጫውን ጨምቀው ያወጡታል። ለስለስ ባለ ነገር ዙሪያውን እኩል መያዝ ነው።»

ዘወር ስትል፣ ወርቁ የፈነዳውን ከመነዳሪ ከጎማው አውጥቶ ወደ ገደሉ ሊወረውር ነው። «ወንድሜ አትጣለው!» ብላ ሮጠች። ሾፌሩ ግራ ገብቶት ሰጣት። ተመልሳ መጥታ ከመነዳሪውን በቢላዋዋ እንደ ጠፍር ረጅም አድርጋ ሰነጠቀችና ለሽማግሌው ዘረጋችላቸው። «ማሰሪያዎ ይኸውልዎ።»

አያ ሙላቴ ጎማውን ሳቡት፣ ለቀቁት፣ እንደገና ሳቡት። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። ጎማውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ልጅቱን ትክ ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ ብትሳሳቺስ? አንቺ ብትሳሳቺ ነገ ወደ ትምህርት ቤትሽ ነው የምትሄጂው። እኔ የምመለሰው ወደ እቴነሽ ነው። ሦስተኛው ስህተት ዓይኗ ነው።»

ከስልጠና ወረቀቶቼ በአንዱም ላይ የዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረም፤ ሊያስተምሩን የመጡት ሁሉ ደግሞ ይህንን ጥያቄ ሳይሰሙ ነው የሚሄዱት።

«ልሳሳት እችላለሁ» አለች ሕሊና። «ስለዚህ ሳንፈትነው ለእሳቸው አንሰጥም። እኔ ጋ ይምጡና እርስዎ በእጅዎ ይሥሩት፤ እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ። በደንብ ከደረቀ በኋላ ጅማቱን ወጥረን፣ በጆንያ ሸፍነን፣ ከሚሸከመው በላይ እንስበዋለን። የሚሰበር ከሆነ እዚያው ጆንያው ውስጥ ይሰበር። ካልተሰበረ መጀመሪያ እኔ ጥጥ እነድፍበታለሁ።»

«የለም» አሉ አያ ሙላቴ። «አንቺም የሰው ልጅ ነሽ። መጀመሪያ የሚነድፍበት ፊት የኔ ይሆናል።»

ደጋኑን ጠቀለሉት። ጎማው ተቀይሮ ስለነበር ሁላችንም ገባን። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ሽማግሌው ሲያንቀላፉ፣ የከመነዳሪው ቅዳጅ ከእጃቸው አልወጣም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሕሊናን ከተማ ውስጥ አገኘኋት። ደጋኑ በአያ ሙላቴ እጅ ተሠርቶ፣ በጆንያ ውስጥ የተፈተነበትን ሁሉ ችሎ ወደ ባለቤቱ ሊመለስ መሆኑን ነገረችኝ። ደክሞኝ ነበር፤ የክረምት ተማሪዎች ፈተና ወረቀት ተቆልሎ ይጠብቀኛል። ሆኖም አብሬያት ወረድሁ።

የአያ ሙላቴ ቤት ከከተማው ዳር ነው። እማማ እቴነሽ ከበሩ አጠገብ፣ ብርሃን ከሚገባበት ተቀምጠዋል። የጥጡ ሰፌድ ከፊታቸው ሳይሆን ከጀርባቸው ነው። ከግራ ዓይናቸው ሥር ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነው። በጨዋ ደንብ ተቀበሉን፤ ደጋኑን ግን አላዩትም።

አያ ሙላቴ ሰፌዱን አምጥተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ወንድ ጥጥ ሲነድፍ ማየት በኛ አገር አልተለመደም፤ ጎረቤት ቢያይ ሳምንት ሙሉ ይተርትባቸው ነበር። ደጋኑን በግራ እጃቸው ያዙ፣ ፊታቸውንም ወደ ሰያፉ መገጣጠሚያ አስጠግተው ጅማቱን መቱት። ድም አለ። እማማ እቴነሽ ትከሻቸው ተሸማቀቀ። ባልየው ደግመው መቱት፣ ደጋግመው መቱት፤ ጥጡ እየተንጨባረረ ጢማቸው ላይ ተንጠለጠለ። አነዳደፋቸው ግን አያምርም ነበር።

«ኧረ ጥጡን ፈጀኸው!» አሉ እማማ እቴነሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው። «ስጠኝ።»

ተቀበሉ። ልክ ሲይዙት እጃቸው ቆመ። ጣታቸው በአዲሱ መገጣጠሚያ ላይ ሄደ፤ እንደ ቀድሞው አይወዝም፣ ደረቅ ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና ቀስ ብለው አንዴ መቱት። ደጋኑ ያዘ። ቆዩና ደግመው መቱት፣ አሁንም ፊታቸውን አዙረው።

አያ ሙላቴ ከፊት ለፊታቸው ቆሙና ማስረዳት ያዙ። የመንገዱ ዳር ተማሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ አስተማሪ ሆነው አገኘኋቸው።

«አየሽ እቴነሽ፣ ጥፋቱ የእንጨቱ አልነበረም። የቅቤው ነው! ቅቤ ለአጥንት ነው፤ ለሙጫ ግን ጠላት ነው። እንጨት መጀመሪያ ይፋቃል፣ በሰያፍ ይላጋል፣ ይህ ከሁለት ቱቦ የሚወጣው ይቀባል። ዝግ ብሎ የሚደርቀው ነው፣ የሚቸኩለው አይደለም። ጥርቅም አይደረግም! ምድጃ ላይ አይሰቀልም! ከእንግዲህ አንድ ደጋን በተሰበረ ቁጥር አንድ ለንቋጣ አንቆርጥም። የተሰበረውን እንጠግናለን። ባሕር ዛፉንም ቢሆን ስስ ስስ አድርገን ሰንጥቀን፣ አድርቀን፣ አንዱን በአንዱ ላይ ብናጣብቀው መጉበጡን ይዞ ይቀራል ትላለች ይህች ልጅ። ለደሳለኝም ነግሬዋለሁ፣ ይቅርታም ጠይቄዋለሁ። የአንበሳሜ ደጋን ሠሪዎችም መስማት አለባቸው። የሰው ፊት ከመቁሰል ይድናል፣ የእናት ዕቃ ለልጅ ይተርፋል፣ ወንዙም ጥላ ያበቅላል። አንድ ነገር አላውቅም ማለት እኮ...»

ንግግራቸው መልካም ነበር፤ እኔ ለተማሪዎቼ ብናገረው ይህን ያህል አላሳምረውም። ግን እሳቸውን የምሰማው በአንድ ጆሮዬ ነበር። የደጋኑ ድምፅ መፍጠን ጀምሮ ነበርና። ዞር ብዬ ሳይ እማማ እቴነሽ ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰዋል። ዓይናቸው ተገልጧል፣ ያ የቆሰለው ጉንጫቸው ከጅማቱ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም፤ ባዘቶው ከደጋኑ ሥር እየተነፋ ይወጣል።

«ሙላቴ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ በደከመ ድምፅ።

«አቤት!»

«እስቲ ከበሩ ዞር በል። ብርሃኑን ጋረድህብኝ።»

አያ ሙላቴ ዞር አሉ።